የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አጭር ሕይወትና ያልተከፈለው የእናቶች ዕዳ

ከመካኒሳ ተነሥቶ በቀለበት መንገዱ ወደ ጦር ኃይሎች አደባባይ የሚጓዝ ሰው የንፋስ ስልክ ላፍቶን ክፍለ ከተማ ወሰን ከለቀቀ በኋላ ብዙ ሳይርቅ በሁለት ሆስፒታሎች አካባቢ ያልፋል። አንደኛው አለርት የሚባለው ሲሆን ሕዝቡ ሰፈሩን እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ እያለ ይጠራዋል። ሁለተኛው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። የመጀመሪያው በልዕልት ዘነበወርቅ፣ ሁለተኛው በልዕልት ፀሐይ ስም የተቋቋሙ ነበሩ። ልዕልቶቹ እኅትማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም በወጣትነታቸው፣ ከወላጆቻቸው ርቀው፣ በትዳር በሄዱበት አገር አርፈዋል። በዚህ መንገድ ከላፍቶ፣ ከጀሞና ከሳሪስ ምጥ የያዛቸውን እናቶች የጫኑ መኪናዎች በየቀኑ ይመላለሳሉ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ግን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የቀድሞ ስያሜ ከአንዲት ነፍሰ ጡር ሞት የተነሣ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

በመሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ውስጥ የአንዲት ነርስ የሕይወት ታሪክ ለምን ይጻፋል ብሎ የሚጠይቅ የሙያ ባልደረባ ይኖር ይሆናል። ልዕልት ፀሐይ የኖሩት 22 ዓመት ከ10 ወር ነው። ከዚህ አጭር ዘመን ውስጥ ሰፊውን የጐልማሳነት ክፍል ያሳለፉት ሕመምተኛን ማስታመም በመማርና በመሥራት ሲሆን፣ ሕይወታቸው ያለፈው ደግሞ ለማቃለል ሊደክሙበት ከተዘጋጁበት ችግር በአንዱ ነው። የዚህ ሞት ትርጒም ከቤተ መንግሥት ሐዘን አልፎ የጊዜን፣ የርቀትንና የዝግጅትን ጥያቄ ያስነሣል። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ከሐኪሙ እኩል መንገድ የሚሠራውን፣ ውኃ የሚስበውንና መብራት የሚዘረጋውን ሰው የሚመለከቱ ናቸው።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ነበሩ። ከሴቶቹ ልጆች የመጨረሻዋ እሳቸው ናቸው። አባታቸው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ልዕልቲቱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ።

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና ጅምር ላይ ነበር። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክና የቤተ ሳይዳ ሆስፒታሎችን የመሳሰሉ ጥቂት ተቋሞች ቢኖሩም፣ በአብዛኛው የሚያክሙት የውጭ አገር ሐኪሞች ነበሩ። በዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ እሳቸውን የሚከተል የአገር ተወላጅ ሐኪም ግን እጅግ ጥቂት ነበር። እናቶች የሚወልዱት በቤታቸው፣ በልምድ አዋላጅ እጅ፣ የጎረቤት ሴቶች ማርያምን እየተማጸኑ ነበር። ወላድ በደኅና ከተገላገለች እልልታ፤ ካልተገላገለች ለቅሶ ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ገብቶ ሞትን የሚያዘገይ መሣሪያም ሆነ ባለሙያ በአገሪቱ አብዛኛው ክፍል አልነበረም።

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ሲገባ ልዕልት ፀሐይ ዕድሜያቸው 16 ሊሞላ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ወረራው ከመጀመሩ 3 ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። በመዲናይቱ የነበሩ ሴቶች ለዘማቹ ሠራዊት የቍስል መጠቅለያና ልብስ ለማሰናዳት ተሰባስበው ሲሠሩ ልዕልቲቱ ከግንባር ቀደሞቹ መካከል ነበሩ። ጠላት የመርዝ ጋዝ በአውሮፕላን እያዘነበ ሠራዊቱን ሲያቃጥል፣ የመድኃኒትና የባለሙያ እጥረት ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል አገሪቱ በሙሉ አየች። ልዕልቲቱ በኋላ የመረጡት ሙያ ከዚህ የጦርነት ወራት ጋር የተያያዘ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

የማይጨው ጦርነት ከተፈታ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱና ቤተ ሰባቸው ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። ከዚያም በመርከብ ወደ ቅድስት አገር ተሻግረው በኢየሩሳሌም ጥቂት ሰነበቱ። ንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታቸውን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ለማቅረብ ወደ እንግሊዝ ሲያልፉ ልዕልት ፀሐይ አብረው ነበሩ፤ ሎንዶን የገቡትም ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝኛ ያውቁ ስለ ነበር አባታቸውን በአስተርጓሚነት ይረዱ ነበር። ቤተ ሰቡ በኋላ ባዝ በምትባለው ከተማ ፌርፊልድ ሃውስ በሚባል ቤት ተቀመጠ።

ስደተኛ ቤተ መንግሥት የገንዘብም የተስፋም ችግር አያጣውም። የ16 ዓመቷ ልዕልት በእንግዳ አገር ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው የተሻለ ቀን ቢጠብቁ የሚነቅፋቸው ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን በዚያው በስደቱ መጀመሪያ ዓመት በሎንዶን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ለነርስነት ትምህርት ገቡ። የዚያ ዘመን የነርስነት ትምህርት ከመጽሐፍ ይልቅ በጉልበት የሚገኝ ነበር። ተማሪዋ በሆስፒታሉ ማደሪያ እየኖረች፣ የሌሊት ተራ እየገባች፣ አልጋ እያነጠፈች፣ ዕቃ እየቀቀለች፣ የሕመምተኛውን ሙቀትና የልብ ትርታ በየሰዓቱ እየመዘገበች ትማር ነበር። በኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ የሰው ገላ ማጠብና ቍስል መጥረግ የአገልጋይ ሥራ ተብሎ ይቈጠር በነበረበት ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ይህን መምረጣቸው የቈየውን የክብር ሚዛን የሚገለብጥ ነበር።

ከ3 ዓመት ትምህርት በኋላ በነሐሴ ወር 1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ። በዚያው ወር መጨረሻ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። ልዕልቲቱ የጠቅላላ ነርስነት ትምህርት ለመቀጠል በሎንዶን ጋይስ ወደሚባለው ሆስፒታል ገቡ። የጀርመን አውሮፕላኖች ሎንዶንን ከጳጉሜን 1932 እስከ ግንቦት 1933 ዓ.ም. ድረስ ሲደበድቡ የከተማይቱ ሆስፒታሎች የጦር ሜዳን ያህል ሥራ ነበረባቸው። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ለሕክምናው ዓለም ግልጽ ሆነ፤ ይኸውም ደም የፈሰሰውን ሰው ለማዳን ደምን አስቀድሞ ሰብስቦ፣ አቀዝቅዞና መድቦ ማስቀመጥ እንደሚያስፈልግ ነው። በእንግሊዝ የደም ማከማቻ አገልግሎት በሰፊው የተደራጀው በዚሁ ጦርነት ነው። በኢትዮጵያ ግን ይህን የመሰለ አገልግሎት እስኪቋቋም ብዙ ዓመት ሊጠበቅ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ልዕልት ፀሐይም በዚያው የነጻነት ዘመን መጀመሪያ በእጃቸው ሙያ ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዘመናዊ ሥርዓት ሠልጥነው የተመረቁ ኢትዮጵያውያት ነርሶች በጣት በሚቈጠሩበት በዚያን ጊዜ የአንድ ነርስ መምጣት ትልቅ ነገር ነበር። ይልቁንም ነርሷ የንጉሥ ልጅ ስትሆን፣ የባላባቱም ሆነ የድኻው ልጅ ያለ ኀፍረት ወደ ሙያው እንድትገባ በር የሚከፍት ምሳሌ ነበር።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከሌተና ኮሎኔል አቢይ አበበ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ባለቤታቸው የወለጋ ገዢ ሆነው ስለ ተሾሙ አዲሶቹ ሙሽሮች ወደ ነቀምት ወረዱ። ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ በአምቦና በጌዶ አልፎ፣ ባኮ አጠገብ የግቤን ወንዝ ተሻግሮ፣ ወደ ወለጋ ደጋ የሚወጣ ነው። ዛሬ በአስፋልት በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዞ ነው። በ1934 ዓ.ም. ክረምት ግን አገሪቱ ከጦርነት ከወጣች ገና 15 ወር ነበር። የመጓጓዣው፣ የመድኃኒቱና የባለሙያው እጥረት በሁሉም ጠቅላይ ግዛት የሚታይ ነበር።

ጋብቻቸው 4 ወር ሳይሞላው፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ልዕልት ፀሐይ ጽንስ ከመጨንገፍ ጋር በተያያዘ ሕመም ነቀምት ላይ ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ባረፉበት ምድር ቤት ተቀበረ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ለጥቂት ጊዜ አቁመን እርግዝና በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጫና በሙያችን ዓይን ብንመለከተው ይጠቅማል። አንድ ጤናማ ልብ ባልተፀነሰበት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። በእርግዝና ጊዜ ይህ መጠን ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። በሥርዓቱ ውስጥ የሚዘዋወረውም የደም ብዛት ከ40 እስከ 50 በመቶ ያድጋል። ጭማሪው የሚጀምረው ሆዷ ገፍቶ ከመታየቱ አስቀድሞ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ብትመታ በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ፣ በ9 ወር ውስጥ ከ27 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መምታቷ ነው። ማናችንም ብንሆን ለአንድ የውኃ መስመር ቧንቧውን ሳንለውጥ ፍሰቱን በግማሽ አሳድገን፣ በየሰከንዱ በግፊት ምት እየመታን ለ9 ወር እናስኪደው ብንባል መስመሩን ሳንፈትሽ አንፈርምም። የሰው ልጅ እናት ግን ይህን ፈተና ያለ ቅድመ ፍተሻ ስትቀበል ኖራለች።

ከዚህ ጫና ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው ከልብ የሚወጣው ታላቁ ደም ቅዳ፣ ሐኪሞች አኦርታ የሚሉት፣ ነው። የአንድ ቧንቧ ግድግዳ የሚሸከመው ውጥረት ከግፊቱና ከቧንቧው ስፋት ጋር እያደገ፣ ከግድግዳው ውፍረት ጋር ደግሞ እየቀነሰ እንደሚሄድ በትምህርት ቤት የተማርነው ሕግ እዚህም ይሠራል። አኦርታው በሰፋ ቍጥር ግድግዳው ይሳሳል፤ በሳሳ ቍጥር ውጥረቱ ይበረታል፤ ውጥረቱ በበረታ ቍጥር የበለጠ ይሰፋል። በዚህ ላይ በእርግዝና ጊዜ የሚበዙት ሆርሞኖች የግድግዳውን የመለጠጥ ጠባይ ያላቸውን ክሮች ያላላሉ። ስለዚህ የግድግዳው ውስጠኛ ሽፋን ድንገት ሊሰነጠቅ፣ ደሙም በሽፋኖቹ መካከል እየገባ ግድግዳውን ሊተረትረው ይችላል። አደጋው የሚያይለው በእርግዝናው የመጨረሻ 3 ወራትና ከወሊድ በኋላ ባሉት 12 ሳምንታት ያህል ነው።

ይህ ሕመም ከሌሎች የእናቶች ሞት ምክንያቶች ጋር ሲነጻጸር ብርቅ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋውም አኦርታቸው በተፈጥሮ የደከመባቸውን፣ ለምሳሌ ማርፋን የሚባለው የትውልድ ሕመም ያለባቸውን፣ የልባቸው በር በ3 ፈንታ 2 ክፍል ሆኖ የተፈጠረባቸውን፣ እንዲሁም የደም ግፊታቸው ከፍ ያለባቸውን ሴቶች ነው። በቤተ ዘመድ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው መኖሩ፣ የቁመት እጅግ መርዘምና የጣቶች መቅጠን ለሐኪም ሊነገሩ የሚገባቸው ምልክቶች ናቸው። አኦርታዋ ከ4.5 ሳንቲ ሜትር በላይ የሰፋ የማርፋን ሕመምተኛ በቀዶ ጥገና ሳይጠገንላት እንዳታረግዝ ትመከራለች። ያረገዘችም እንደ ሆነ በድምፅ ሞገድ መሣሪያ እየተለካች፣ የልብን ምትና ግፊት የሚያረጋጋ መድኃኒት እየወሰደች መጠበቅ ይኖርባታል።

የዚህ ሕመም ክፋቱ ራሱን መደበቁ ነው። በደረት ወይም በጀርባ መካከል ድንገት እንደ ስንጥቅ የሚሰማ ብርቱ ሕመም በነፍሰ ጡር ላይ ሲደርስ ቃር ነው፣ የወገብ ድካም ነው፣ ምጥ ሊጀምር ነው እየተባለ ይታለፋል። በአራስ ላይ ሲደርስ ደግሞ ብርድ መታት ይባላል። በልብ አጠገብ ያለው ክፍል ተሰንጥቆ ሕክምና ካላገኘ ግን በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ በየሰዓቱ ከ100 ሕሙማን 1 ያህል እንደሚሞት ሲሰላ ኖሯል። በአገራችን ልማድ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ወንድ የወለደች ክርስቲያን እስከ 40፣ ሴት የወለደች እስከ 80 ቀን ድረስ ትጠበቃለች። የኋለኛው ልክ ሐኪሞች አኦርታን ከሚፈሩበት የ12 ሳምንት ዘመን ጋር ተቀራራቢ ነው። ልማዱ ጠባቂውን አዘጋጅቶልናል። የሚጐድለው ጠባቂዋ ምን ዓይነት ሕመም ስታይ መኪና ማስጠራት እንዳለባት ማወቋ ነው።

የልዕልት ፀሐይ ሞት ምክንያት ይህ አልነበረም። እሳቸውን የገደለው ከጽንስ መጨንገፍ የመጣው ችግር ነው። ነገር ግን ሁለቱን አደጋዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁለቱም ጤናማ በምትመስል ወጣት ሴት ላይ ድንገት ይደርሳሉ፤ ሁለቱም የሚሸነፉት ከአደጋው በፊት በተሰናዳ ነገር ብቻ ነው። ጽንስ ሲጨነግፍ ዋና ዋናዎቹ አስጊ ነገሮች የደም መፍሰስና መመረዝ ናቸው። የመጀመሪያው ደም መስጠትን፣ ሁለተኛው ጀርም ገዳይ መድኃኒትን ይጠይቃል። በ1934 ዓ.ም. ፔኒሲሊን ገና በኦክስፎርድና በአሜሪካ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ የሚሞከር ብርቅ መድኃኒት ነበር። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል የደም ባንክ የተቋቋመው ልዕልቲቱ ካረፉ ከ27 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ስለዚህ ማዕርጋቸው፣ የአባታቸው ሥልጣንም ሆነ የራሳቸው የነርስነት ዕውቀት በዚያች ሰዓት ሊያድኗቸው አልቻሉም። ለአገሩ ሕዝብ ያልተሰናዳ ነገር ለንጉሥ ልጅም አልተገኘም።

ሐዘኑ ግን በሐዘንነቱ አልቀረም። በወረራው ዘመን ለኢትዮጵያ የተከራከሩት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የሚባለውን ጋዜጣ ያቋቋሙት፣ በልዕልቲቱ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ ገንዘብ የሚሰበሰብበትን ድርጅት መሠረቱ። ለዓመታት ከተደከመ በኋላ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ምዕራብ ተከፈተ። ከሆስፒታሉም ጋር የነርሶች ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ለመታሰቢያቸው ሐውልት ከማቆም ይልቅ ሌሎች እነሱን የሚመስሉ ነርሶች የሚወጡበት ቤት መሠራቱ ከሕይወታቸው ጋር የተስማማ ነበር። ሲልቪያ ፓንክረስትም በኋላ ኑሯቸውን በአዲስ አበባ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያርፉ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ከዚህ ሆስፒታል አንድ ሌላ ፍሬ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1959 አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆኑት ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም መጡ። እዚያም ከረዥም ምጥ የተነሣ ፊስቱላ የደረሰባቸውን፣ ሽንታቸውን መቋጠር ተስኗቸው ከሰው የተገለሉትን እናቶች አገኙ። ጥገናውን በዚያው ጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 ዐረፉ። በስማቸው የሚጠራው የአዋላጆች ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፍቷል። ፊስቱላ በሌላ አነጋገር የጊዜ ጕዳት ነው፤ ምጡ በሰዓቱ ቢታገዝ ኖሮ ጨርሶ የማይፈጠር ቀዳዳ ነው። ከአንዲት ሴት ሞት የተነሣ የተሠራ ቤት በሺሕ ለሚቈጠሩ ሴቶች መዳኛ መንገድ ከፈተ ማለት ይቻላል።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሆስፒታሉ ስም ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። የልዕልቲቱ ባለቤት የነበሩት፣ በኋላ እስከ ሌተና ጄኔራልነት የደረሱትና በከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን ያገለገሉት አቢይ አበበ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። ስለ ሆስፒታሉ ስም መለወጥ ሰው የተለያየ አስተያየት ይኖረው ይሆናል። ሥራው ግን ቀጥሏል፤ የነርስና የአዋላጅ ሙያም በኢትዮጵያ ሥር ሰዷል።

እዳው ግን ተከፍሎ አላለቀም። በአገሪቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ቍጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወለዱት በ2000 ከ100 ወሊዶች 5 ብቻ የነበሩ ሲሆን በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። መሻሻሉ ትልቅ ነው፤ ያም ሆኖ ያን ጊዜ ከግማሽ የሚበልጡት ወሊዶች ከጤና ተቋም ውጭ ይፈጸሙ ነበር። ከወሊድ በኋላ ብርቱ የደም መፍሰስ የገጠማት ጤናማ ሴት በ2 ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እርግዝናዋ ሲገፋ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ ማሕፀን ይፈስሳልና፣ ሳይዘጋ የቀረ ቧንቧ በዚህ ፍጥነት ይቀዳል።

እነዚህ 2 ሰዓቶች የሐኪሙ ብቻ አይደሉም። ከ2ቱ ሰዓት የመጀመሪያው የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሕመምተኛዋን ከማየቱ በፊት ነው። የሚያልቀውም መኪና በመጥራት፣ በጭቃ በመያዝ፣ በተዘጋ መንገድ በመጠበቅ፣ አሳንሰር ሲበላሽ በቃሬዛ ደረጃ በመውጣት ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ አዳዲስ ሰፈሮች የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከተሠሩ ወዲህ ብዙ ሺሕ ቤተ ሰብ በደረጃ ላይ ይኖራል። የደረጃው ስፋት ቃሬዛ የሚያዞር ይሁን አይሁን፣ ከሕንፃው በር እስከ ዋናው መንገድ ያለው መግቢያ በክረምት መኪና ያሳልፍ አያሳልፍ፣ የሚወስነው ንድፉን የፈረመው መሐንዲስ ነው። የደም ማቀዝቀዣ በመብራት መቋረጥ ጊዜ ሙቀቱ ከልክ እንዳያልፍ መጠባበቂያ ጄኔሬተሩ በራሱ መነሣቱን የሚፈትሽ፣ ማዋለጃው ክፍል ውኃ የሚያገኘው ከማማው ላይ ከሚገኝ ማጠራቀሚያ እንዲሆን የሚያሰላ፣ አኦርታን የሚለካው የድምፅ ሞገድ መሣሪያ በቮልቴጅ መዋዠቅ እንዳይቃጠል የሚጠብቅ እሱ ነው። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ ያለ ሽቦ በአየር የሚላክን መልእክት የሚያስታውስ ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሕመምተኛ መምጣቷን አስቀድሞ የሚነግር አንድ የስልክ ጥሪ፣ ደሙ ተመርጦ፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል ተዘጋጅቶ እንዲጠብቃት ያደርጋል።

ከሙያ ሥራ ጋር በተያያዘ አንድ ጊዜ የአንድ ጤና ተቋም ማስፋፊያ ንድፍ ሲመረመር በቦታው ነበርሁ። ወጪ ለመቀነስ ሲባል መጀመሪያ የተሰረዘው ከማዋለጃው ክፍል ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል የሚያገናኘው የተሸፈነ መተላለፊያ ነበር። በወረቀቱ ላይ 40 ሜትር የማትሞላ መሥመር ናት። ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ደም የሚፈስሳት ሴት በቃሬዛ የምታልፍባት 40 ሜትር መሆኗን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም ዝም ብያለሁ። ይህን ጽሑፍ ለማሰናዳት ከገፋፉኝ ነገሮች አንዱ ያ ዝምታ ነው።

ልዕልት ፀሐይ ለአገራቸው ያገለገሉበት ዘመን ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሊሠሩት ያሰቡትን ለመሥራት ዕድሜ አልሰጣቸውም። ነገር ግን ምን እንደሚያስፈልግ ለይተው አውቀው፣ የንጉሥ ልጅነታቸው ሳይከለክላቸው፣ ከታች ጀምረው ተማሩት። የጐደለው በነቀምት በዚያች የነሐሴ ቀን ሊደርስላቸው ይገባ የነበረው ሌላው ዝግጅት ነው። ያ ዝግጅት ዛሬ በብዙ ቦታ አለ፤ በብዙ ቦታ ደግሞ ግማሹ ብቻ አለ። በዚህ ዓመት የጤና ተቋም፣ የመንገድ፣ የውኃ ወይም የመብራት ንድፍ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ የማኅበራችን አባል፣ ከመፈረሙ በፊት አንዲት በምጥ ላይ ያለች ሴት በዚያ ንድፍ ውስጥ ከቤቷ እስከ ቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባት በእርሳስ ይቍጠር። ከ2 ሰዓት የሚበልጥ ሆኖ ካገኘው ንድፉ ገና አላለቀም።